የሦስት ፈረስ ጉልበት

«ቬስፓ» በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ይህን ስም የያዘችው ስኩተር እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደችው በፖንቴዴራ፣ በጦርነቱ ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራበት በነበረው፣ ኋላም ራሱ በቦምብ በተደበደበው የፒያጆ ፋብሪካ ነው።

ንድፏን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ብስክሌት አይወድም። ስለዚህም የሚጠላውን አንድ በአንድ አስወገደ። ልብስ የሚያቆሽሸውን ሰንሰለት አስቀርቶ ሞተሩን ከኋላው ጎማ ጎን አኖረው፤ ማርሹን ከመሪው እጀታ ጋር አያያዘው። የፊተኛውንም ጎማ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ ደገፈው፤ የተነፈሰ ጎማ ያለ ብዙ ድካም ይለወጣል።

የሲሊንደሯ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኗም ምት 50 ሚሊ ሜትር፤ ይዘቷ 98 ሲሲ ነው። ጉልበቷ ከ3 ፈረስ ጥቂት ይበልጣል፤ ማርሿ 3፣ ከፍተኛ ፍጥነቷም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ትጠጣለች።

ከቦምብ ጣይ ሞተር ጋር ለሚያስተያያት ይህ ቁጥር ኢምንት ነው። ነገር ግን የመኪና ታላቅነት በጉልበቱ ብዛት ብቻ አይመዘንም፤ ጉልበቱ ለማን እንደዋለም ይጠየቃል። የሺህ ፈረስ ጉልበት ለማፍረስ ውሎ ነበር፤ ሦስቱ ፈረስ ግን ሰውን ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራውም ወደ ቤቱ አደረሱ። ጥበቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ዓላማው ነው።