ሞላው ስንት ኪሎ ነው?

የአውቶሞቲቭ ተማሪ በዘመድ አዝማድ ፊት ያለበትን ፈተና እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም። ገና የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሳይጨርስ የአገሩ አሮጌ መኪና ሁሉ እሱን ይጠብቃል። "ልጃችን አውቶ ይማር የለ እንዴ!" ይባላል። እኔም በዚህ አባባል ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ ጉዳይ ያጋጠመኝ። ጉዳዩ የቫልቭ ሞላ ነው። ሲያዩት ከእስክሪብቶ ሞላ ተለቅ ያለ ተራ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁለት ዓመት ትምህርት ያላነሰ አስተምሮኛል።

አጎቴ አንጋጫ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለቻቸው፤ ፎር ኬ የምንላት 1,290 ሲሲ ሞተር የተገጠመላት። በገበያ ቀን እህልና ሰው ጭነው ሆሳዕና ይመጣሉ። ችግራቸው ዳገቱ ነው። ሆሳዕና ራሷ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ሞተሩም በዚያው ልክ ትንፋሽ ያጥረዋል። አጎቴ ይህን ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ ቢያጫውቱት "መፍትሔ አለኝ" ብሎ "ስፖርት" የተባለ ካምሻፍት ሸጠላቸው። ለእሱ መግዣ አንድ ወይፈን ሸጠዋል። ያንን በጋዜጣ የተጠቀለለ ብረት ይዘው ተግባራዊ ልምምድ ወደምሠራበት ጋራዥ መጡና "በል እንግዲህ፣ አንተ ግጠመው" አሉኝ። ዋናው መካኒክም ሳቅ ብሎ "ዘመድህ ነው፤ አንተው ጨርሰው" አለኝ።

አዲሱ ካምሻፍት ቫልቩን ከቀድሞው ከፍ አድርጎ ያነሣል፤ ቆይቶም ይዘጋዋል። የድሮው 8.2 ሚሊ ሜትር ሲያነሣ አዲሱ 9.4 ነበር። (ይህን ስትለኩ ከካሙ ጉብታ ላይ ሳይሆን ከቫልቩ ራስ ላይ ለኩ፤ መሐል ያለው ሮከር አርም ንባቡን ያሳድገዋል።) ካምሻፍቱ መግፋት እንጂ መመለስ አያውቅም። የመመለሱ ሥራ የሞላው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ካምሻፍቱ የዚያን ግማሽ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ 50 ጊዜ ይዘጋል ማለት ነው። ሞላው ከደከመ ቫልቩ ካሙን መከተል ያቅተውና አየር ላይ ይንሳፈፋል። ይባስ ብሎ የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከ4,000 ወደ 6,000 ዙር ሲኬድ ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ጉልበት ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። ይህንን ጣጣ ለማምለጥ መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1954 የውድድር መኪናው ላይ ቫልቩን ያለ ሞላ፣ በካም ገፍቶ የሚዘጋ ሞተር ሠርቶ ነበር። ሬኖም በ1986 በፎርሙላ ዋን ሞላውን በታመቀ ጋዝ ተክቶታል። እኛ ግን ያለን ሞላ ነው።

ይህን ሁሉ በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ፈተናም መልሼበታለሁ። ጋራዥ ስገባ ግን የድሮዎቹን ሞላዎች ደርድሬ ቁመታቸውን አየሁ፤ እኩል ናቸው። "ደህና ናቸው" ብዬ መለስኳቸው። አልመዘንኳቸውም።

ከጋራዡ ወጥተን አስፋልቱ ላይ ረገጥ ሳደርጋት ሞተሯ ዙሯ ከፍ ሲል ትርትር ብላ ጉልበቷ ጠፋ። ቫልቮቹ መንሳፈፋቸው ነበር። አንድ ፑሽሮድ ከመቀመጫው ወጥቶ ታጠፈ። አጎቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው መኪናዋን ከኋላ ሲገፉ በመስታወቱ አየኋቸው። ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለቅሜም አልተማርኩም። በሁለተኛው ቀን "እንግዲያው ጠንካራ ሞላ ነው የሚያስፈልገው" ብዬ ከአንድ የናፍጣ ሞተር ቴስታታ ላይ የተፈታ ወፍራም ሞላ አገኘሁ። መቀመጫው ልክክ አለ። በጣቴ ተጫንኩት፣ ንቅንቅ የለም! ደስ አለኝ። ልናስነሣ ስንል ዋናው መካኒክ "ቆይ፣ በእጅህ አዙራት" አለኝ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ሞተሯን በቁልፍ ማዞር ጀመርኩ። ጥቂት ዞረችና ድንጋይ የነካች ያህል ቀጥ አለች። "በሞተር አስነሥተሃት ቢሆን ኖሮ ካሙም ሮከሩም አልቆልህ ነበር" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላው ቴስታታው ላይ ሲቀመጥ ቁመቱ 38 ሚሊ ሜትር ነው። የናፍጣው ሽቦ ውፍረት 4.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሰባት ጥምጥም አለው። ጥምጥሞቹ እርስ በርስ ሲነካኩ 30.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ መታጠፍ የሚችለው 7.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ካሙ የሚፈልገው ግን 9.4። የድሮው ሽቦ 4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 28 ላይ ይነካካል፤ እሱም ቢሆን ለአዲሱ ካም የሚተርፈው 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል መትረፍ አለበት። ሽቦ ሲወፍር ጉልበቱ በአራተኛ ርቢ ያድጋል፤ አሥር በመቶ ውፍረት ወደ 46 በመቶ ጥንካሬ ይጨምራል። ግን ያው ውፍረት ቦታውን ይበላዋል።

"አሁን እንመዝን" አለ መካኒኩ። የሞላ መፈተሻ መሣሪያ የለንም። እሱ ግን መናኸሪያ በር ላይ መንገደኛ የሚመዝነውን ልጅ ጠርቶ ሚዛኑን ለግማሽ ቀን ተከራየ። ሚዛኑን ከቋሚው ድሪል ሥር አስቀመጥነው፣ ሞላውን ከላዩ አቆምነው፣ በድሪሉ እጀታ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ተጫንነው። የድሮው 24 ኪሎ አነበበ። ለንጽጽር ያመጣነው አዲስ የዚያው ሞተር ሞላ 31። በዓይን ሲያዩአቸው ቁመታቸው እኩል የሚመስሉ ሞላዎች! ልጁ ቆሞ እያየን "ሞላም ይመዘናል እንዴ?" አለ። እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ወርጄ ሶማሌ ተራን ካሊፐር ይዤ ዞርኩት። ነጋዴዎቹ "የምን መኪና ነው?" ሲሉኝ "የመኪናውን ተወው፣ ቁጥሩን ልለካ" እላለሁ። ይሥቁብኛል። በመጨረሻ ሽቦው 4.2 ሆኖ ጥምጥሙ በግማሽ ዙር ያነሰ አገኘሁ። ሲነካካ 27.3፣ ስለዚህ 1.3 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ሆሳዕና ስንመዝነው ተዘግቶ 34 ኪሎ፣ ተከፍቶ 68 ኪሎ ሆነ። የሞላው ቆብ ወርዶ የቫልቭ ጎሚኒውን እንደማይመታ፣ ቫልቩም ፒስቶኑን እንደማይነካ አረጋገጥን። ገጠምን፣ በእጅ አዞርን፣ አስነሣን። ዙሯ እስከ ላይ ድረስ ንጹሕ! እኔ ዘለልኩ።

አጎቴ ወደ አንጋጫ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። "ልጄ፣ ሜዳ ላይ ትበራለች። ዳገት ላይ ግን ከበፊቱም ባሰባት" አሉኝ።

ያን ጊዜ መካኒኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቀ። "ጋሼ፣ ዳገት ሲወጡ ሞተሯን ስንት ዙር ያስጮኋታል?" አጎቴ ደንግጠው "እኔ? አላስጮሃትም። ቀስ ብዬ ነው የምወጣው" አሉ። የዚያ ካምሻፍት ጉልበት ያለው ከ4,500 ዙር በላይ ነው። እሳቸው ጭነው የሚወጡት በ2,500 ነው። እዚያ ላይ ዘግይቶ የሚዘጋው ቫልቭ የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋል። ሞላው ለካሙ ትክክል ነበር። ካሙ ግን ለአንጋጫ ዳገት አልተሠራም።

የድሮውን ካምሻፍት ከአዲሶቹ 31 ኪሎ ሞላዎች ጋር መለስነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባት ነበርና የካርቡራተሩን ጂግለር አንድ ደረጃ አሳነስን፤ የማቀጣጠያ ጊዜውንም ትንሽ ወደፊት አመጣን። ወጪው ከወይፈኑ ጆሮ አይበልጥም። ዳገቱን እንደ ፈረስ ባትወጣም ትወጣለች።

ለታናናሾቼ የምለው ይኸው ነው። ሞላ ስትመርጡ ሲዘጋና ሲከፈት ስንት ኪሎ እንደሚጫን፣ ሲነካካ ስንት ቁመት እንደሚቀረው ለኩ። ሞተሩን በእጃችሁ ሳታዞሩ አታስነሡ። ከሁሉ በፊት ግን ሹፌሩን በየት መንገድ፣ በስንት ማርሽ፣ ምን ጭኖ እንደሚሄድ ጠይቁት። እኔ ቁጥሩን ለመማር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ አጎቴን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ሌላ ሰው አስፈለገኝ።

"ስፖርቱ" ካምሻፍት አሁን ከነጋዜጣው አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። አጎቴ "ለማስተማሪያ ይሁንህ" ብለው ሰጡኝ። የወይፈኑን ዋጋ ግን ሥራ ስይዝ እመልሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።