የጸጥታ ጠባቂውን ቤት ማን ይጠብቃል?

ሰው በሰላም ተኝቶ በሰላም የሚነሣው ሌላ ሰው ስለ እርሱ ነቅቶ ስለሚያድር ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ያ ነቅቶ የሚያድረው ሰው እርሱም ቤት እንዳለው፥ ሚስትና ልጆች በር በሩን እያዩ እንደሚጠብቁት፥ ቢቈስል የሚያስታምመው፥ ቢበደል የሚናገርለት እንደሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ስለዚህ ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ፖሊሶች ማኅበር ጥቂት ነገር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ነገሩ ለመንግሥት ሹማምንት ብቻ የሚገባ መስሎ ቢታይም፥ መድረሻው የእናትና የልጆች ማዕድ ነውና።

በልጅነታችን ከቤታችን አጠገብ የአንድ ፖሊስ ቤት ነበረ። በዓል በሆነ ቀን ሌላው አባት ከልጆቹ ጋራ ለማዕድ ሲቀመጥ፥ የዚያ ፖሊስ ሚስት ድርሻውን በመሶብ ከድና ታቈይለት ነበር፤ እርሱ በዚያ ሰዓት የሌላውን ሰው በዓል ይጠብቃልና። አንድ ሌሊት በሥራ ላይ ሳለ እግሩ ተሰብሮ ከአልጋ በዋለ ጊዜ፥ ባለቤቱ ስለ ሕክምናውና ስለ ደመወዙ የማንን ደጅ እንደምትጠና አላወቀችም። ጐረቤቱ ሁሉ አዘነላት፤ እንጀራና ወጥ ይዞ ጠየቃት። ነገር ግን የሰፈሩ እድር ደንቡ ለሞት ነበር እንጂ ለእግር ስብራት አልነበረም። የጐረቤት ርኅራኄ የሳምንት ሲሳይ ይሆናል፤ ለዓመት መተዳደሪያ ግን ደንብና ተናጋሪ ያለው ማኅበር እንደሚያስፈልግ ያስተዋልነው በዚያን ጊዜ ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነት ነው፥ ግን እንጀራም አይገባበትም። ሌላው ሠራተኛ ደመወዙ አላኖር ሲለው ከባልንጀሮቹ ጋራ ተማክሮ ሥራ ያቆማል። ፖሊስ ሥራ ያቆመ እንደ ሆነ ግን ከተማው ለሌባና ለወንበዴ ይተዋል፤ የገዛ ልጆቹም ከዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። ዝም ቢል ቤቱ ይራባል፤ ቢያድም አገር ይታወካል። ላም እሳት ወለደች፥ እንዳትልሰው ፈጃት፥ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደ ተባለው ነው።

ይህ ጭንቅ ፊት ለፊት ከታየባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ1918 ዓመት በጦርነቱ ምክንያት የምግብ ዋጋ እጅግ ተወዶ ሳለ፥ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የሎንዶን ፖሊሶች ሥራቸውን አቆሙ። የጠየቁትም ደመወዝ እንዲጨመርላቸው፥ ከሥራ የተባረረው ባልንጀራቸው እንዲመለስ፥ ማኅበራቸውም እንዲታወቅላቸው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ በሳምንት የ13 ሽልንግ ጭማሪ ፈቀዱ፤ ለሟች ፖሊስ ሚስትም ጡረታ፥ ለትምህርት ለደረሱ ልጆችም ድጎማ ተሰጠ። የተባረረውም ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ። ማኅበሩን ማወቅ ግን መንግሥት እንቢ አለ።

በማግሥቱ ዓመት በ1919 መንግሥት የፖሊስን የሠራተኛ ማኅበር የሚከለክል ሕግ ለፓርላማ ባቀረበ ጊዜ፥ ሁለተኛ አድማ ተነሣ። በሎንዶን የተከተለው ጥቂት ሰው ሲሆን በሊቨርፑል ከተማ ግን ከፖሊሱ እኩሌታ ያህሉ ወጣ። ሱቆች ተዘረፉ፤ ጸጥታ እንዲያስከብር ወታደር ተጠራ። ያደሙትም ሁሉ ከሥራ ተባረሩ፤ ወደ ቀድሞ ሥራቸው የተመለሰ የለም። ብዙ ዘመን አገልግለው ወደ ጡረታ የተቃረቡት እንኳ ጡረታቸውን አጡ። የዚህን ቅጣት ክብደት የሚያውቀው የቤት ኪራይ ቀን የደረሰባት እናት ናት።

ሕጉም በዚያው በነሐሴ ወር ጸና። ከፖሊሱ የሠራተኛ ማኅበርና የአድማን መብት ወሰደ፤ በምትኩም የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊሶች ፌዴሬሽን የሚባል በሕግ የታወቀ ማኅበር አቆመለት። በሎርድ ዴዝበሮ የሚመራው የመርማሪዎች ጉባኤም የአዲስ ተራ ፖሊስ ደመወዝ በሳምንት 70 ሽልንግ እንዲሆን መክሮ ነበርና፥ የፖሊስ ቤት ከቀድሞው ይልቅ ቀና አለ። በእኛ አስተያየት የነገሩ ፍሬ ያለው ከዚህ ላይ ነው። መንግሥት ሰውን እንዳያድም የከለከለ እንደ ሆነ፥ የሚናገርበት አፍ የመስጠት ዕዳ አለበት።

ያ ማኅበር ዛሬም አለ፤ የአድማውም ክልከላ እንዲሁ። ከተራ ፖሊስ እስከ ዋና ኢንስፔክተር ድረስ ከ140,000 በላይ አባሎች አሉት። በ43ቱ የፖሊስ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ባልንጀሮቻቸው የመረጧቸው እንደራሴዎች አሉ። አንድ ፖሊስ ጥፋት አደረግህ ተብሎ ለምርመራ ሲጠራ እንደራሴው ከጐኑ ይቀመጣል፤ በሥራው ምክንያት ቢከሰስ ስለ ጠበቃ፥ ቢጐዳም ስለ ካሣው ይረዳዋል። ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓትም ማኅበሩ ለመንግሥት ያመለክታል።

ስለ ቤተ ሰብ የታሰበው ግን ከዚያ ሕግ በፊት ነበር። ካትሪን ገርኒ የሚባሉ ሴት በ1890 ዓመት በሆቭ፥ በባሕር ዳር፥ የታመሙ ፖሊሶች የሚያገግሙበትን ቤት አስከፈቱ፤ አባት ለሞተባቸው የፖሊስ ልጆችም ማሳደጊያ አቋቋሙ። መንግሥትም በዘመናችን ይህን መንገድ ተከትሏል። በ2018 በወጣው ሕግ ፖሊስንና ሌሎችን የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች የሚመታ ሰው የእስራቱ ጣራ ከ6 ወር ወደ 12 ወር ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ ወደ 2 ዓመት ደረሰ። በዚያው በ2022 ዓመት የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ስለ ፖሊሶች ጤናና ስለ ቤተ ሰቦቻቸው መደገፍ በየዓመቱ ለፓርላማ እንዲያስታውቅ በሕግ ታዘዘ። ማኅበሩም ይህ እንዲደረግ ሲጠይቅ የኖረ ነው።

ነገር ግን ማኅበር መልካም ነው ስንል ወንጀልን መሸፈኛ ይሁን ማለታችን አይደለም። ንጹሑ ሰው በሐሰት እንዳይፈረድበት መቆም አንድ ነገር ነው፤ በደለኛውን ከተበደለው ድኻ ፊት መሰወር ሌላ ነው። ይህኛው ሲደረግ ስሙ የሚጠፋው የቅኑ ፖሊስ ነው፤ ልጁም በትምህርት ቤት አንገቱን ይደፋል። ያው የእንግሊዝ ማኅበር በ2014 ዓመት ሥራው በውጭ ሰዎች ተመርምሮ 36 የማሻሻያ ሐሳቦች በቀረቡለት ጊዜ፥ ሁሉንም ለመቀበል በጉባኤው ወሰነ። ሌላውን የሚመረምር ሰው ራሱም ለመመርመር ሲፈቅድ ሕዝብ ያምነዋል።

እንግዲህ የቤት እናቶችና አባቶች ሆይ፥ በሰፈራችሁ የፖሊስ ቤት ያለ እንደ ሆነ፥ አባታቸው በሌለበት ሌሊት እነዚያን ልጆች ጠይቋቸው። ለልጆቻችሁም ፖሊስን ማስፈራሪያ አታድርጉላቸው፤ እርሱም አባት መሆኑን ንገሯቸው። የቀረውን ግን ጐረቤት ሊፈጽመው አይችልም፤ ሕግ የሚያውቀው፥ ለፖሊሱ የሚናገርለት፥ ሲያጠፋም የማይሸፍንለት ማኅበር ያስፈልገዋል። ቤቱ የተጠበቀለት ዘበኛ የሌላውን ቤት ለመጠበቅ ልቡ አይከፈልም።