ከወለል የሚጀምር ገና

የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ያልፋል። በማግስቱ እዚህ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የሱቆቹ ጠባይ ይለወጣል። ትናንት በሙሉ ዋጋ ሲሸጥ የነበረው የመብራት ገመድ፣ የሚያብረቀርቀው ኳስ፣ ሪባኑ፣ በር ላይ የሚንጠለጠለው አክሊል በአንድ ሌሊት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ይሆንና ወደ ኋላው መደርደሪያ ይገፋል። ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፤ ጥቂት ቀን ለታገሠ ደግሞ ከዚያም በታች ይገኛል። የእኛ በዓል ግን ገና ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ለሐበሻ ኪስ ከዚህ የተመቸ የዘመን አቆጣጠር ያለ አይመስለኝም።

ርካሹ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከተማው በዓሉን ጨርሶ ዕቃውን እየሰበሰበ ነው። በዋይት ሐውስ አጠገብ ያለው፣ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ እ.ኤ.አ. በ1923 ካበሩት ጀምሮ ልማድ ሆኖ የዘለቀው ብሔራዊ የገና ዛፍ አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ይጠፋል። ጎረቤቶቻችን ዛፋቸውን ጌጡን ገፍፈው መንገድ ዳር ያስቀምጡታል፤ የማዘጋጃ ቤት መኪና እየዞረ ይሰበስባል። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ሥራ ተጀምሯል፣ ሬዲዮው የገና መዝሙሩን አቁሟል። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ከደጅ የሚያግዝ ነገር የለም። በዓሉን ቤታችን ብቻውን ሊሸከመው ነው።

የምኖረው ሴሚናሪ መንገድ ላይ ሳውዘርን ታወርስ ከሚባሉት አምስት ፎቆች በአንዱ ነው። እዚህ ያለው የሐበሻ ብዛት አሳንሰር ውስጥ አማርኛ መስማትን ብርቅ ከመሆን አውጥቶታል። በዋዜማው ማታ የኮሪደሩ ቁሌት ብቻውን የማን ቤት ዶሮ እንደተጣደ ይናገራል። እንዲያም ሆኖ እያንዳንዱ በር ሲከፈት የሚታየው ያው የተከራይ ቤት ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ምንጣፍ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ። ይህን ቤት በጥቂት ዶላር የበዓል ቤት ማድረግን ያስተማረኝ የፈረንጅ መጽሔት ሳይሆን ደነባ ነው።

ደነባ ከደብረ ብርሃን ወደ እነዋሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ አፈሩ መረሬ፣ ሰብሉ ጤፍ፣ ስንዴና ምስር። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀኑ ግን ብራ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አትታይም። አዝመራው ታጭዶ አውድማ ላይ ወጥቷል፤ በሬው እያበራየ፣ ገበሬው ነፋስ እየጠበቀ ነው። የገና ዝግጅትም በዚያ ጥድፊያ መካከል ነው የሚገባው።

እናቴ ቤቱን ለበዓል ስታዘጋጅ የምትጀምረው ከወለሉ ነበር። እበት ከአመድ ጋር ይቦካና ወለሉና መደቡ ይለቀለቃል፤ እስኪደርቅ ድረስ የረገጠ ልጅ ወዮለት። መደቡ ሲደርቅ ባና ይነጠፍበታል። ባና ከመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ፣ ያን ብርድ የሚችል ከባድ ልብስ ነው፤ ሌሊት ይለበሳል፣ ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል። ዋዜማው ላይ ልጆች ወደ ምንጩ ዳር ተልከን ቄጤማ እናጭዳለን። ቄጤማው ሲጎዘጎዝ ቤቱ በዚያው ቅጽበት ሌላ ይሆናል። ግድግዳው ተራው የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ሰፌድ ይሰቀላል፣ የእመቤታችን ሥዕል አቧራው ይጠረግለታል፣ ከከተማ የመጣ የቀን መቁጠሪያ ካለ ሚስማር ያገኛል። ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። የገና ዛፍ መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ፣ ዘመድ ቤት ነው፤ የጽድ ቅርንጫፍ በቆርቆሮ ውስጥ ቆሞ፣ በረዶ ይመስል ዘንድ ጥጥ ተበጣጥሶ ተለጥፎበት።

ሁለቱን በዓላት ጎን ለጎን ሳይ ልዩነቱ የሀብት ብቻ አይመስለኝም። የአየሩም ነው። እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ ሰዓት ከ11 በፊት ትጠልቃለች፤ ሠራተኛው ወጥቶ የሚገባው በጨለማ ነው። ዛፉ ሁሉ ረግፏል፣ ሣሩ ነጥቷል። ጀርመኖች ክረምት የማያረግፈውን ዛፍ ቤት ማስገባት የጀመሩት፣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ አልበርት በዛፍ ዙሪያ ሆነው የሚያሳየው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1848 ለንደን ላይ ታትሞ ልማዱ በእንግሊዝ ቤቶች የተስፋፋው፣ የኤዲሰን ባልደረባ ኤድዋርድ ጆንሰን በ1882 ኒው ዮርክ ቤቱ ያለውን ዛፍ በ80 የኤሌክትሪክ አምፖሎች ያስጌጠው፣ ሁሉም በዚህ በአጭሩ ቀን ውስጥ ሆኖ ሲታይ ትርጉም አለው። ደነባ ግን በታኅሣሥ ብርሃን አይጎድላትም። የሚጎድላት ልምላሜ ነው፤ ማሳው ሁሉ ገለባ ሆኗል። ስለዚህ ቄጤማ ከምንጭ ዳር ተለቅሞ ይገባል። ፈረንጁም ደነቤውም ደጅ ያጣውን ነው ወደ ቤት የሚያስገባው።

እኔም ቤቴን ሳዘጋጅ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ደጅ ምን ጎደለ? መብራት አልጎደለም፤ ከተማው አንድ ወር ሙሉ ሲያበራ ከርሟል። የጎደለው ሽታው፣ ጉዝጓዙ፣ ሰው የሞላበት ቤት ነው። ገንዘቡም ድካሙም ወደዚያ መሄድ አለበት።

ይህን በአጭሩ የነገረችኝ እናቴ ናት። አንድ ዓመት በቴሌግራም ቪዲዮ ቤቴን እያዞርኩ አሳየኋት። ጥግ ላይ የቆመችውን ዛፍ ስታይ፣

«ይቺ ጽድ ናት?» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ ላስቲክ ናት።»

«ትሸታለች?»

«አትሸትም።»

«እንግዲያ ለምን አቆምሻት፣ ልጄ?»

ቄጤማውን ሳሳያት ደስ አላት። ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ከሱቅ ገዛሁት ስላት ግን ሣቋን መያዝ አልቻለችም። «ሣር? በገንዘብ? ነዪማ፣ አሜሪካ ሣር ይሸጣል አሉ!» ብላ የወንድሜን ሚስት ጠራቻት። ሁለቱ ሲሥቁ እኔም ሣቅሁ።

በእርግጥም ይሸጣል። በዋዜማው ሰሞን አንዳንድ የሐበሻ ሱቆች ቄጤማ በእስር እያደረጉ ያቀርባሉ። ምንጣፍ ባለበት ቤት እርጥብ ሣር ምንጣፉን ያበላሻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌ አንሶላ፣ ከሥሩም ላስቲክ ይነጠፋል፤ በዓሉ ሲያልቅ አራቱን ማዕዘን ይዞ መጠቅለል ነው። ቤቱን ሙሉ መጎዝጎዝ አያስፈልግም፤ ረከቦቱ ዙሪያና በሩ መግቢያ ላይ ይበቃል። ቄጤማ ላላገኘ በሕንፃ መሣሪያ መደብር እየተለካ የሚሸጥ የላስቲክ ሣር አለ፤ አንዴ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል። እሱም አይሸትም፤ እናቴ ብታየው ፍርዷ ያው ነው።

ሽታ ለሚፈልግ መንገድ ዳር የተጣሉት ዛፎች አሉ። ከነሱ ጥቂት ቅርንጫፍ መቁረጥ ገንዘብ አያስወጣም። ቅጠሉን በጣት ሳብ ማድረግ ነው፤ ካልረገፈ እርጥብ ነው፣ ከረገፈ ደርቋል። የደረቀው በአንዲት ብልጭታ ስለሚቀጣጠል ቤት አይገባም። እርጥቡ በውሃ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ሳሎኑን በሙሉ የጽድ ደን ያስመስለዋል።

ዕጣን ያለ እሱ በዓል የለም፤ በአፓርታማ ግን ከጣሪያው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጋር ያጣላል። ጀበናው ሊወርድ ሲል ጩኸቱ ጀምሮ፣ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ሲያራግብ፣ ሌላው መስኮት ሲከፍት ያላየ የአሜሪካ ሐበሻ የለም። መሣሪያውን በላስቲክ የሚሸፍኑ አሉ፤ በዚያው ሌሊት እሳት ቢነሣ የሚቀሰቅሳቸው አይኖርም። ከሰልማ ፈጽሞ ቤት ውስጥ አይነድም፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው እንደተኛ ይገድላል። የሐበሻ ሱቆች የሚሸጡት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዕጣን ማጨሻ አለ፤ ጭሱ ትንሽ፣ ሽታው ሙሉ ነው። ዕጣን ለማይስማማው ቤት ደግሞ የሻይ ቅመሙ መላ አለው፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና የብርቱካን ልጣጭ በትንሽ ድስት በለስላሳ እሳት ጥዶ ውሃው እንዳያልቅ እየጨመሩ መተው ነው።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልበል። ቤት የሚያሞቀው የአምፖሉ ብዛት ሳይሆን ቀለሙ ነው። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል አምፖል የኩራዝ ዓይነት ቢጫ ብርሃን ይሰጣል፤ 5000 የሚለው ክሊኒክ ያስመስላል። ለበዓሉ የጣሪያውን መብራት አጥፍቶ ጥግ ላይ አንድ የመደርደሪያ መብራት ማብራት ከብዙ ጌጥ ይበልጣል። ታኅሣሥ 17 በግማሽ ዋጋ የሚገኘው የመብራት ገመድ ኤልኢዲ ቢሆን ይመረጣል፤ 100 አምፖል ያለው የድሮው ዓይነት 40 ዋት ገደማ ሲወስድ ኤልኢዲው 10 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ስለማይግልም ለመጋረጃ አያሠጋም።

ግድግዳው የራሱ ሕግ አለው። በኪራይ ውላችን ሚስማር ክልክል ነው፤ የቀዳዳው ዋጋ ስንወጣ ከመያዣው ገንዘብ ይቆረጣል። ተጣብቆ ሳያቆሽሽ የሚላቀቅ መስቀያ ግን በዳላር ትሪ ይገኛል፤ ይህ የቨርጂኒያ ኩባንያ ለዓመታት ሁሉን በ1 ዶላር ሲሸጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ዋጋውን ወደ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም አነሣው። ሰፌድ ቀላል ስለሆነ መስቀያው ይችለዋል። ትልቅና ትንሽ ሦስት ሰፌዶች አንድ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉ ሌላ ሥዕል አያስፈልግም፤ ለእንግዳ የእንጀራ ማቅረቢያ ሲያንስ ደግሞ ይወርዳሉ።

ሶፋዬ ከጉድዊል፣ ሰው የሰጠውን ዕቃ መልሶ ከሚሸጠው መደብር የተገዛ ነው። ክንዱ ላይ ተልጧል። በመንገደኛ የመጣልኝ የደነባ ባና ከላይ ሲነጠፍበት ልጣጩም አይታይም፣ ዋጋውም አይጠየቅም። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ጠረጴዛ እናቴ የሠራችውን ዳንቴል ለብሷል። እነዚህ የገና ዕቃዎች አይደሉም፤ በዓል የሚያስመስላቸው ታጥበው ተተኩሰው በአንድ ቀን መውጣታቸው ነው።

ዛፍ የለም እያልሁ አይደለም። ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ያላት እናት ያለ ዛፍ አትገላገልም። የላስቲኳ ዛፍ አሁንም አለች፤ ግን ተራዋ የመጨረሻ ሆኗል፣ ጌጧም ከሱቅ አይገዛም። ያረጀ ነጠላ ሲቀደድ ጥለቱ ጤነኛ ነው፤ እሱን በቁመቱ ቆርጦ መጠቅለል ሪባን ይተካል። ለቡናው የሚፈነዳው ፈንድሻ በወፍራም ክር በመርፌ ሲሰካ ረጅም ነጭ ሐብል ይሆናል፤ የአሜሪካኖቹም የድሮ ሰዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ልጄ አንዱን ስትሰካ አንዱን ትበላለች፤ ሐብሉ ከታሰበው ያጥራል፤ ቅር የሚለው ግን የለም።

ሒሳቡ ሲታይ ሣሩ፣ መስቀያው፣ ቅመሙና የመብራቱ ገመድ አንድ ላይ ከአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት እራት አይበልጥም። የተረፈው ለዶሮው፣ ለቅቤውና ለድፎው ነው። ብዙዎቻችን ዋዜማውን ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ የዋሽንግተኗ ደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም የዚያን ሌሊት በነጠላ ነጭ ትሆናለች። ሌሊት ተቀድሶ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ጠዋት ሥራ የሚገባ አለ። ፈቃድ ያላገኘ በዓሉን ለቅዳሜ ያሸጋግራል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሦስት ሰዓት የፈጀ የግድግዳ ጌጥ አይጠቅመውም፤ በር ከፍቶ ሲገባ የሚቀበለው ሽታና የሚቀመጥበት ሞቅ ያለ ቦታ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ አዲስ ለመጣ ሰው፣ የመጀመሪያ ገናውን በባዶ አፓርታማ ለሚያከብር፣ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ወለሉን፣ ቀጥሎ ሽታውን፣ ቀጥሎ ብርሃኑን፣ ገንዘብ ከተረፈ ግድግዳውን፣ ዛፉን በመጨረሻ። ከሁሉም በፊት ግን ስልክ ይነሣና ብቻውን የሚውለው ማን እንደሆነ ይጠየቅ፤ በዚህ አገር ደጅ የጠፋው ከሁሉ በላይ ሰው ነው። ወንበር አይበቃም ብሎ የሚሠጋ አይሥጋ። እኛ ዘንድ ወንበር ሲያልቅ ባናው ከሶፋው ወርዶ ወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ ትንንሾቹ እዚያ ይቀመጣሉ፣ ለትልልቆቹ ሶፋው ይለቀቃል።