የቆረጥኳት ዓረፍተ ነገር

ይህ ጽሑፍ ስለ አሳ ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪን ከአሳ ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አምና ይህንን ብጠየቅ እኔም መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን አለኝ፤ መልሱን ያገኘሁት ደግሞ በአጎቴ ኪሳራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የሦስት ደቂቃ የሬዲዮ ዘገባ ሠርታችሁ አምጡ ተባልን። የክፍሌ ልጆች የታክሲ ወረፋ፣ የዶርም ውሃ መጥፋት፣ የካፌ ምግብ እያሉ ርዕስ ሲሻሙ እኔ ማንም የማይነካውን ልያዝ ብዬ «የአሳ እርባታ» አልኩ። አንድ የአሳ ባለሙያ አፈላልጌ አገኘሁና አርባ ደቂቃ ሙሉ ድምፁን ቀዳሁ። ሰውየው ሙያውን ከመውደዱ የተነሳ ተናግሮ አይጠግብም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሹን ጊዜ የማስበው ስለ አሳ ሳይሆን የስልኬ ባትሪ እንዳያልቅብኝ ነበር።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። «ሰው የሚበላው እዚህ፣ የሚጸዳዳው እዚያ ነው» አለኝ። «አሳ ግን የሚበላበትም፣ የሚተነፍስበትም፣ የሚጸዳዳበትም ያው አንዱ ውሃ ነው።» ሐይቅ ሰፊ ስለሆነ ይችለዋል። በትንሽ ኩሬ ውስጥ ብዙ አሳ ሲታጎር ግን ነገሩ ይለወጣል። አሳው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ ያልተበላው መኖና ዓይነ ምድሩም ሲበሰብሱ ሌላ አሞኒያ ይጨምራሉ። አሞኒያ ሲበዛ ለአሳ መርዝ ነው። ውሃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይህንን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በመሀል ያለው ናይትራይትም ራሱ ለአሳ ጠንቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ተክል የሚመጣው። ለአሳው መርዝ የሆነው ናይትሮጂን ለተክሉ ምግብ ነው። ገበሬ ዩሪያ ብሎ በኩንታል ገዝቶ ማሳው ላይ የሚበትነው እኮ ይኸንኑ ናይትሮጂን ነው! ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ሥሩን ወደ ታች ሰዶ አሞኒያውንም፣ ናይትሬቱንም፣ ፎስፈረሱንም እየመጠጠ ያድጋል።

ደስ አይልም? እኔንም ደስ አለኝ። ዘገባዬን «ተክሉ ውሃውን ያጸዳዋል» በሚለው የባለሙያው ድምፅ ዘጋሁት። ልክ ሦስት ደቂቃ ሆነ። ኤ ማይነስም አገኘሁ።

ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። አጎቴ የሚኖረው ፎገራ ውስጥ፣ ከጉማራ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሩዝና ሽንኩርት ያመርታል። ጎርፍ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይም አሥር በአሥራ አምስት ሜትር የሆነች ኩሬ ቆፍሮ የቆሮሶ ጫጩቶች ከለቀቀባት ወራት አልፈዋል። ሐሳቡ ለመስከረም ሸጦ የልጆቹን ደብተርና ዩኒፎርም ሊሸፍንበት ነው። ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና ከቤት የተረፈ አተላ ይሰጣቸዋል፤ አልፎ አልፎም ፍግ ይጨምራል። ውሃው ግን የጎመን ውሃ መስሎ ይሸታል። በፓምፕ አዲስ ውሃ እንዳይቀይር ወንዙ በሚያዝያ ቀጥኗል፤ ነዳጁም አይቀመስም።

እኔ ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቀላል ነው። ውሃ ላይ የሚበቅል ተክል ጨምርበት፤ ውሃውን ያጸዳዋል።»

አጎቴ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ እምቦጭን ከጣና ነቅለን ሳንጨርስ ደግሞ ደጄ ድረስ ልትጠሪልኝ ነው?»

አልተሳሳተም። እምቦጭ መገኛው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ታየ፤ ጣና ላይ መስፈሩ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2010 ዓ.ም. እኔ ገና ልጅ ሆኜ፣ ሰዉ ከየአቅጣጫው መጥቶ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅል አይቻለሁ። ዛሬ የነቀሉት ቦታ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

የሚገርመው ግን ይኸው እምቦጭ በሌላ ዓለም ፍሳሽ ውሃ ለማጣራት ሲሞከርበት የኖረ ተክል ነው። ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በመምጠጥ የሚወዳደሩት ጥቂቶች ናቸው። ጣና ላይ እንዲያ የተመቸውም አንድም ከየማሳው ታጥቦ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ማዳበሪያና ለም አፈር አግኝቶ ነው። የሚያጸዳበት ጠባይና የሚያጠፋበት ጠባይ አንድ ነው፤ በልቶ አይጠግብም። እንዲህ ያለውን ተክል ጣና አጠገብ ባለ ኩሬ ውስጥ መጨመር እሳትና ጭድን አንድ ላይ ማሳደር ነው።

ስለዚህ ሌላ ፈለግን። ከመስኖ ቦዩ ጥግ፣ ውሃው ከማይንቀሳቀስበት ቦታ፣ በእንግሊዝኛ ዳክዊድ የሚሉትን ተክል አገኘን። ቅጠሉ የምስር ክክ የሚያህል፣ ውሃ ላይ ተነጥፎ የሚንሳፈፍ ነው። አጎቴ ወዲያው «የውሃ ምስር» ብሎ ስም አወጣለት። አንድ ባልዲ አምጥተን ኩሬዋ ላይ ደፋንና እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውል «ውሃው እየጠራ ነው፤ ሽታውም ቀንሷል» አለኝ። ደረቴን ነፋሁ። ለዶርም ልጆች ሁሉ አወራሁ። የውሃ ምስር ሲመቸው በሁለትና በሦስት ቀን እጥፍ እንደሚሆን ያኔ አላውቅም ነበር። አንድ ባልዲ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። አሳዎቹም ይበሉታል፤ ግን ፉርሽካ እየተሰጣቸው እሱን በልተው የት ሊጨርሱት?

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ሰማዩ ለቀናት ከደመነ በኋላ፣ ስልኬ ገና ሳይነጋ ጮኸ። «የኔ ልጅ፣ አሳዎቹ አፋቸውን እየከፈቱ ላይ ወጡ። አሁን ደግሞ እየተገለበጡ ነው።» ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ «ያጸዳል ብለሽኝ አልነበር?» ብቻ አለኝ። በዚያን ቀን ከአሳዎቹ ግማሽ በላይ አለቁ።

ምን እንደማደርግ ግራ ሲገባኝ ያንን የአርባ ደቂቃ ቅጂ ከፈትኩት። «ተክሉ ውሃውን ያጸዳዋል» የሚለው ጋ ደረስኩ። ባለሙያው ትንሽ ተነፈሰና ቀጠለ። «ነገር ግን በየጊዜው ካላወጣሽው የመጠጠውን መልሶ እዚያው ያፈሰዋል። ኩሬውንም ጨርሶ እንዲሸፍነው አትፍቀጂ፤ አሳው አየር ያጥረዋል።»

እዚያው አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ሦስት ደቂቃው ስለሞላ!

ነገሩን አሁን ሳስበው ግልጽ ነው። ተክል ቆሻሻውን አያጠፋውም፤ ከውሃው ወስዶ ገላው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሰው ተክሉን ካወጣው ቆሻሻውም አብሮ ይወጣል። ካላወጣው ተክሉ ያረጃል፣ ይሞታል፣ ወደ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ የወሰደውን ሁሉ መልሶ ያስረክባል። ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅን ይበላል። ከላይ የተነጠፈው ቅጠል ንፋስ ውሃውን እንዳይነካው ይከለክላል፤ ፀሐይም ወደ ታች እንዳይገባ ይጋርዳል። ያ ስንጠላው የነበረ አረንጓዴ ውሃ እኮ ቀን ቀን ኦክስጅን የሚሠሩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ያሉበት ነው። ጥላ ሲውጣቸው እነሱም ሞቱ። የውሃ ምስር የሚሠራው ኦክስጅን ደግሞ ቅጠሉ ላይ ላዩን ስለሆነ በአብዛኛው የሚወጣው ወደ አየር ነው። ሌሊቱን ሁሉም ይተነፍሳል፣ የሚጨምር የለም። ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው፤ አጎቴ የደወለውም በዚያው ሰዓት ነው።

ክረምት ሲገባ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «አሁን ወሬውን ተይና ሙሉውን ንገሪኝ» አለኝ። ቅጂውን ከፍቼ አርባውን ደቂቃ አብረን ሰማን። አጎቴ ከእኔ የተሻለ አዳማጭ ነው፤ ሦስት ጊዜ «መልሺው» አለኝ። ከዚያ ሸምበቆ አስረን አጥር አበጀንና የውሃ ምስሩን ከኩሬዋ ሲሶ እንዳያልፍ አገድነው። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ በወንፊት ይጨለፋል። ከፊሉ ለዶሮዎች፣ የቀረው ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ይሄዳል። ከአጥሩ ውጭ የሚበተነውን አሳዎቹ ይበሉታል። የደረቀ ዳክዊድ ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ የፋጉሎውንም ወጪ ቀነሰለት።

ከሁሉ በፊት የተደረገው ግን የመኖውና የፍጉ መቀነስ ነው። ባለሙያው የነገረን መለኪያ ቀላል ነው። ክንድህን እስከ ክርንህ ውሃ ውስጥ አስገባ፤ መዳፍህ ካልታየህ ውሃው ወፍሯልና ምግቡን ቀንስ። ተክል ረዳት እንጂ የአብዝቶ መመገብ ማካካሻ አይደለም።

በኋላ ሳነብ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ አየሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ ሚርዛፑር በምትባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ የአንድ ሆስፒታል ግቢ ፍሳሽ በዳክዊድ ይጣራ ነበር። ዳክዊዱ የሚያድገው ለብቻው በተሠራ ኩሬ ነው፤ በየቀኑ እየታጨደ ለአሳ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ የየቀኑ ሥራ ማጨዱ ነው። ሩቅ ሳንሄድ ጣና ዳር ያለው ደንገልም ወደ ሐይቁ የሚገባውን ደለልና ማዳበሪያ ያዝ የሚያደርግ ተክል ነው። አባቶቻችን ደንገሉን አጭደው ታንኳ ሲሠሩበት ሳያስቡት ከሐይቁ ጥቂት ቆሻሻ ያወጡ ነበር ማለት ነው።

አጎቴ በመስከረም የሸጠው ካሰበው ግማሹን አይሞላም። ደብተሩ ተገዛ፤ ዩኒፎርሙ ለታናሽየው አልደረሰም፣ የታላቁን አሮጌ ለበሰ። ይህንን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ልጆች ድምፅ ስንቆርጥ ውለን ስንቆርጥ እናድራለን። ደቂቃው ይሞላል፣ ገጹ ይጠባል፤ መቁረጥ ግድ ነው። ግን እባካችሁ «ነገር ግን» ከሚለው ቃል ላይ መቀሳችሁን ስታሳርፉ አንዴ ቆም በሉ። እኔ የቆረጥኩት ስድስት ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ኩሬዋን ጠየቅሁት። «ደህና ናት፤ ዛሬም ጨልፌያለሁ» አለኝ። ቀጥሎም «አዲስ ዘገባ አለሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አለኝ አልኩት። «እንግዲያው ሙሉውን ላኪልኝ።»