አጎትህ በየት በኩል ነው?

ውድ አንባቢ፤ ከስቶክሆልም ተነሥተው በባቡር ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ ኡፕሳላ ከተባለችው የስዊድን ከተማ ይደርሳሉ። ዩኒቨርሲቲዋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1477 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። የካቴድራሉ ግንቦች ከሩቅ ይታያሉ፤ ፊሪስ የሚባለውም ወንዝ ከተማዪቱን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። እኔ ግን የማጫውትዎ ስለ ግንቡም ስለ ወንዙም አይደለም፤ በዚያች ከተማ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ስለ ጠየቀኝ ጥያቄ ነው።

በእንግድነት በተቀበሉኝ ሰዎች ቤት ቡና ቀርቦ በእንግሊዝኛ ስንጫወት፥ ማን እንዳሳደገኝ ቢጠይቁኝ «አጎቴ» አልሁ። እመቤቲቱ ይህንን ለልጅዋ በስዊድንኛ ልታስረዳው ስትጀምር በመካከል ቆም አለች። ወዲያውም ልጁ፥ «በአባቱ በኩል ነው ወይስ በእናቱ?» ብሎ አስጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስዊድንኛ አባት «ፋር»፥ እናት «ሙር»፥ ወንድም «ብሩር» ይባላል። ስለዚህ የአባት ወንድም «ፋርብሩር»፥ የእናት ወንድም ደግሞ «ሙርብሩር» ነው። የአባት እኅት «ፋስተር»፥ የእናት እኅት «ሙስተር» ትባላለች፤ እነዚህም «የአባት እኅት» እና «የእናት እኅት» ከማለት በአነጋገር አጥረው የቀሩ ቃላት ናቸው። እኛ «አያት» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነርሱ በአራት ይለዩታል፤ የአባት አባት «ፋርፋር»፥ የአባት እናት «ፋርሙር»፥ የእናት አባት «ሙርፋር»፥ የእናት እናት «ሙርሙር» ናቸው።

ታዲያ ይህን ሰምተው ቋንቋችን ድኻ ነው አይበሉ። እኛ የአጎት ልጅና የአክስት ልጅ ብለን የምንለየውን ስዊድኖች ከፈረንሳይኛ በተዋሱት «ኩሲን» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልሉታል። እኛ ከአያት አልፈን ቅድመ አያት፥ ምንዥላት እያልን ስንወጣ፥ እነርሱ ያንኑ «ፋር» እና «ሙር» እየደራረቡ ይቆጥራሉ።

ልጁ ግን መልሱን ይጠብቅ ነበር። «ሙርብሩር» አልሁት።

አጎቴ ከገጠር አምጥቶ በትንሽ ደመወዙ ያስተማረኝ ሰው ነው። እናቴ በሕፃንነቴ ስለ ሞተች፥ አጎቴን በጠራሁ ቍጥር እርስዋን አላስብም ነበር፤ ውለታውንም ሁሉ የእርሱ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። በዚያ ገበታ ላይ ግን «ሙር» የሚለው ቃል ቀድሞ ከአፌ ወጣ። አጎቴ ያሳደገኝ የእኅቱ ልጅ ስለ ሆንሁ መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልሁ።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስሁ አጎቴን መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ እናቴ ነበር፤ እስከ እኩለ ሌሊት አጫወተኝ። እርስዎም፥ ውድ አንባቢ፥ የሚነግርዎ ሰው በሕይወት ሳለ ይጠይቁ።