በሸምበቆው ጎጆ ያደገ የሰው ልጅ

እንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ዊከን ፌን የሚባል ረግረግ አለ። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1899 የመጀመሪያውን ቁራሽ መሬት ከገዛ ወዲህ ተጠብቆ የኖረ ስፍራ ነው። በግንቦት ወር በእንጨት መንገዱ ላይ የሚራመድ ሰው ሁለት ድምፆች ይቀበሉታል። አንዱ በሸምበቆው ውስጥ ጎጆ የምትሠራው ትንሽ ቡናማ ወፍ የማያቋርጥ ዝማሬ ነው። ሌላው ከዛፍ ላይ የሚመጣ፣ ወፉን ስም ያሰጠው «ኩኩ» የሚል ጥሪ ነው።

ኩኩ ጎጆ አይሠራም፤ ልጁንም አያሳድግም። ሴቷ አድፍጣ ትጠብቅና ከትንሿ ወፍ ጎጆ አንድ እንቁላል አንስታ የራሷን ትጥላለች። ሥራው በ10 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። እንቁላሏ የባለ ጎጆዋን ይመስላል። ስትሄድ ደግሞ ከእንስራ እንደሚንቆረቆር ውሃ ያለ ድምፅ ታሰማለች። ይህ ድምፅ ከጭልፊት ጩኸት ጋር ይመሳሰላል፤ ባለ ጎጆዋ ለነፍሷ ስትሰጋ እንቁላሎቿን ልብ ሳትል ትቀራለች።

የኩኩው ጫጩት እንደተፈለፈለ፣ ዓይኑ ሳይገለጥና ላባ ሳያወጣ፣ የቀሩትን እንቁላሎች በጀርባው እየገፋ ከጎጆው ይጥላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1788 በጽሑፍ ያስረዳው፣ በኋላ በፈንጣጣ ክትባት ስሙ የገነነው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ነው።

ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል። ይህ ጫጩት ብቻውን የአራት ልጆችን ምግብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጎጆ ሙሉ ልጆች የሚጮኹ እስኪመስል ድረስ በፍጥነት ይጮኻል። በዊከን ፌን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ኒክ ዴቪስና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ፈትነውታል። ግዝፈቱ የሚመጣጠን የሌላ ወፍ ጫጩት በጎጆው ሲያስቀምጡ አሳዳጊዎቹ ያመጡለት ምግብ አነስተኛ ነበር። የኩኩውን ጫጩት ጩኸት በድምፅ ማጉያ ሲያሰሙ ግን ምልልሱ ጨመረ።

ታዲያ አሳዳጊዎቹ ሞኞች ናቸው? አይደሉም። የእንቁላላቸውን መልክ ይማራሉ፤ እንግዳ የመሰላቸውንም የሚጥሉ አሉ። ጎረቤቶቻቸው ኩኩን ከበው ሲያባርሩ ካዩም እነሱ በተራቸው መከላከል ይጀምራሉ። ጫጩቱን ለምን እንደማይጥሉ ተመራማሪዎች የሚሰጡት አንድ ማብራሪያ አለ። ወላጅ የልጁን መልክ ከመጀመሪያው ልጁ የሚማር ቢሆን፣ የመጀመሪያው ኩኩ የሆነበት ምስኪን ከዚያ በኋላ የወለዳቸውን የገዛ ልጆቹን ባዳ ብሎ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ጎጆው ውስጥ አፉን ለከፈተ ሁሉ ማጉረስ ይሻላል።

12 ግራም ገደማ የምትመዝነው ወፍ ከእሷ ብዙ እጥፍ ለሚበልጠው «ልጇ» ከጎጆ ከወጣም በኋላ ለሳምንታት ምግብ ታመላልሳለች። ከዚያ እሱ ማንም መንገድ ሳያሳየው ወደ አፍሪካ ይበርራል። ወንድ ከሆነ፣ ሲመለስ ያሳደጉትን ወፎች ዜማ አይዘምርም። ማንም ያላስተማረውን «ኩኩ» ይላል።