ልደታና ከጉብታው ላይ የሚደወለው ስልክ

በአዲስ አበባ ከተማ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው ጎዳና የሚጓዝ ሰው ብዙ ሳይርቅ ልደታን ያገኛል። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ግንቦት 1 ቀን በሚውለው በዓል ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ከደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ አብሮ መቅመሱ በአገራችን የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ «ልደታ» የሚለው ቃል ለጆሯችን የሰፈር ስም ብቻ ሳይሆን የጉርብትናም ስም ሆኖ ይሰማል።

ይህችን ሰፈር ስንመለከታት ዘወትር የመምጣትና የመሄድ ስፍራ ሆና እናገኛታለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከልደታው ሜዳ ነበር፤ ማኮብኮቢያው ለጄት አውሮፕላን አጭር ሆኖ በመገኘቱ ቦሌ እስኪሠራ ድረስ የመዲናይቱ የሰማይ በር ልደታ ነበረች። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም የከተማው ቀላል ባቡር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ሲያልፍ በልደታ ጣቢያ መንገደኛውን ያወርዳል፣ ያሳፍራል። በፍርድ ቤቱ ደጅ ባለጉዳይ ቀጠሮውን ይጠብቃል፤ በደጃዝማች ባልቻ መታሰቢያ ሆስፒታል ደጅ አስታማሚው ምሳ ዕቃውን ይዞ ይቆማል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ባለ ብዙ ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች በቦታቸው ሲቆሙ፣ ከነባሩ ነዋሪ ብዙው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ድሮ በአጥር ላይ ይጠራሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ የሚጠያየቁት በስልክ ነው።

በልደታ ደግሞ ስልክ አስቸጋሪ ነገር አይደለም። አንዱ ኔትዎርክ ቢደክም ሰው ሌላውን ሲም ካርድ ያስገባል። ተማሪው ትምህርቱን ከኢንተርኔት ይፈልጋል፤ እመቤቲቱ ከሱቅ የገዛችውን ዕቃ ሒሳብ በስልኳ ትከፍላለች። በዓመት በዓል ዋዜማ በየደረጃውና በየሰገነቱ ላይ «ደኅና ናችሁ ወይ? ከብቱስ፣ ሰብሉስ እንዴት ነው?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከልደታ ነዋሪ ስንቱ ነው ወላጅ፣ ወንድም፣ አያት በገጠር የሌለው? ጥሪው ከዚህ ሲነሣ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው በሚደርስበት ዘንድ ነው።

በዚያኛው ጫፍ ያለችው እናት ስልክ የላትም አይባልም፤ ልጇ ገዝቶ ልኮላታል። ነገር ግን ቤቷ ከሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ኔትዎርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ መብራት ስለሌለ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ተልኮ በክፍያ ይሞላል። ስለዚህ ልጅና እናት «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጉብታው ላይ እጠብቅሃለሁ» ብለው ይቀጣጠራሉ። በሌላው ቀን የሚደውል ሰው የደወለለትን ሰው ማግኘት እንደማይቻል የሚነግር የተቀዳ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በባልቻ ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ቢለው፣ ቤተሰቡ ለመምከር እሑድን መጠበቅ ሊኖርበት ነው። መርዶም ከቀብር በኋላ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ ቤተሰብ በደስታውና በኀዘኑ አንድ ሆኖ የመገኘቱ ጉዳይ ነው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤቱ የልደት ዓመት ተብሎ የሚቈጠረው 1887 ዓ.ም. ነው። ድምፅ ከሽቦ ሲወጣ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ደነገጡ ይነገራል። ሆኖም አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር በእንጨት ምሰሶ ተዘርግቶ ሥራውን ጀመረ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለዚሁ ተግባር 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካበደረ በኋላ፣ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በየዘመኑ ተለዋወጠ፤ በ1968 አገልግሎት፣ በ1973 ባለሥልጣን፣ በ1989 ኮርፖሬሽን፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሕዝቡ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል «ቴሌ» ይለዋል። ስሙ ሲለወጥ ያልተለወጠ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም በአገሩ ሁሉ የስልክ በር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ኢንተርኔት በ1989፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ሲገቡ የገቡት በዚያው በር ነው።

ለአንዱ በር የሚቀርበውን ምክንያት በቅንነት ማየት ይገባል። ከተማ ያተርፋል፣ ገጠር ያከስራል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ እጅ የያዘ ቤት ከልደታ ያገኘውን ትርፍ ወስዶ በተራራው ላይ ማማ ሊያቆም ይችላል ይባል ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ ከፊሉም ተፈጽሟል። በ2005 ዓ.ም. ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ኩባንያዎች ጋር በተደረገ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል መረቡ ሰፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ማጠቃለያም ኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞቹ ከ78 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን አስታውቋል። ዛሬ ጉብታ ላይ ወጥታ የምትደውለው እናት ከኻያ ዓመት በፊት ለመደወል ወደ ወረዳው ከተማ በእግሯ መሄድ ነበረባት፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ተፎካካሪ የሌለው ቤት የሚያስቸኵለው የለውም። ባለሥልጣኖች ራሳቸው የስልኩን ገቢ ለባቡር ሐዲድና ለሌላው ልማት የሚውል መሆኑን ይናገሩ ስለ ነበር፣ መሥሪያ ቤቱ «የምትታለብ ላም» የሚል ስም ወጣለት። ወተቱ ሁሉ ወደ ገጠሩ ማማ አልሄደም ማለት ነው። ወረዳኔት የተባለው ሥራ በሳተላይት አማካይነት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን አገናኘ፤ ገበሬው ግን ከጽሕፈት ቤቱ ወዲያ ነበርና መስመሩ እርሱ ዘንድ ሳይደርስ ቆመ። ደግሞም አንድ በር ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት መላክ ተከልክሎ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ቆየ። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በተነሣው ጦርነት አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ተቋርጦ፣ በአዲስ አበባ ያለው ልጅ የወላጆቹን በሕይወት መኖር ሳያውቅ ወራትንና ዓመታትን ቈጠረ።

ይህም ሆኖ ሁለተኛ በር መከፈቱ ብቻውን ሁሉን ይፈውሳል ብለን ለአንባቢዎቻችን አንነግርም። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ ተቈጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው የኩባንያዎች ኅብረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፤ አገልግሎቱንም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ሞክሮ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጀመረ። ለልደታ ነዋሪ ምርጫ መጣለት። አዲሱም ኩባንያ ሥራውን የጀመረው ከከተማ እንጂ ከሸለቆው አይደለም። እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ሁለት ኩባንያ መኖሩ ይህን አላስቀረም።

ከተማ የሚቀድምበት ምክንያት ስውር አይደለም። አንድ ማማ ለማቆም ብረት፣ መንገድ፣ ጥበቃና ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት በናፍጣ ጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኀይል መሥራት አለበት። ማማውን ከሌላው ማማ ጋር የሚያያይዘው ፋይበር ወይም የማይክሮዌቭ ሞገድ ነው፤ ሞገዱም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ተራራ ያግደዋል። በልደታ አንዱ ማማ በጥቂት ሕንፃዎች ውስጥ የታጨቀውን ብዙ ሺህ ሰው ያገለግላል፤ በገደላማው አገር ግን ከዚያ የበለጠ ወጪ የወጣበት ማማ ተራርቀው የተቀመጡ ጥቂት ጎጆዎችን ብቻ ያገኛል፤ እነርሱም የሚሞሉት ካርድ ትንሽ ነው። ለትርፍ ብቻ የሚሠራ ሰው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። በላዩም አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፣ በባሕር ሥር የተዘረጋውን የኢንተርኔት ገመድ የምታገኘው በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትልቁ የቤል ኩባንያ ፊቱን ወደ ከተሞች አድርጎ ሳለ፣ ብዙ ገበሬዎች እንደ እኛ ደቦ ተሰባስበው ምሰሶ አቆሙ፤ በአንዳንድ ስፍራም የከብቱን አጥር እሾኻማ ሽቦ ራሱን የስልክ መስመር አደረጉት። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1949 መንግሥታቸው ለገጠር ስልክ ማኅበራትና ኩባንያዎች ብድር የሚሰጥበትን ሕግ አወጣ። ከዚህ የምንረዳው፣ ገጠርን የሚያገናኘው አንድ ቤት መሆኑ ወይም ብዙ ቤት መሆኑ ብቻ እንዳይደለ ነው፤ ለገጠሩ ተብሎ የተለየ ገንዘብና የሚያስገድድ ሕግ ሲኖር ነው መስመሩ የሚደርሰው።

የእኛም አዋጅ አገልግሎቱ ለሁሉ እንዲዳረስ የሚያዝዝ ድንጋጌ አለው። እንግዲህ የሚቀረው ትእዛዙ ከወረቀት ወርዶ ከማማው ላይ መታየቱ ነው። ኩባንያዎቹ የደንበኞቻቸውን ብዛት ሲያስታውቁ፣ ስንቱ ቀበሌ ገና እንዳልተዳረሰም አብረው እንዲያስታውቁ መጠየቅ የተገባ ነው። ማማውን ሁለቱም ለየራሳቸው ከሚያቆሙ ይልቅ በሩቁ አገር በጋራ ቢጠቀሙበት፣ ለአንዱ የሚወጣው ወጪ ወደ ሌላው ሸለቆ ይሻገራል። ከአገራችን ሕዝብ ከአራት ሦስቱ እጅ ያህል የሚኖረው በገጠር ነውና፣ የአገልግሎቱ መመዘኛም ከዚያ ሊነሣ ይገባዋል።

እስከዚያው ድረስ ቤተሰብ የሚችለውን ያድርግ። በልደታም ሆነ በሌላው ሰፈር ያለው ልጅ ለወላጆቹ በወር በወሩ ካርድ ይሙላላቸው፤ ባትሪ የሚሞላ ትንሽ የፀሐይ መብራት ቢልክላቸው ከልብስ ስጦታ ያላነሰ ይጠቅማቸዋል። የመደወያውን ቀንና ሰዓት ቈርጦ ይንገራቸው፤ በቀጠሮውም አይቅር። አሮጊቲቱ ዳገቱን ወጥታ በነፋስ ስትጠብቅ፣ በዚህ በኩል ያለው ስልክ ተይዞ እንዳይቆያት ያስብላት።